ዱላ የሌለው ተማሪ

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

ተማሪው ድምፁን ከፍ አደረገ። አርብ ገበያ ጢም ብሏል። ገብስና ሽንብራ የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውታል። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ፣ ረዥም የወይራ ዱላ የያዘ የቆሎ ተማሪ በዚያ ግርግር መሃል ማን ልብ ይለዋል? ማንም። የተላከውም ለዚሁ ነው።

በዚህ አገር ስሙ ተክለ ማርያም ነው። በመሥሪያ ቤቱ የምስጢር ስሙ «ድርጭት» ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ደግሞ ዋለ።

ዓይኑን ከአንድ ሰው ጀርባ ላይ አልነቀለም።

ዶክተር እንየው ሰማያዊ የክትባት ሳጥን በትከሻው አንግቶ በጨው ተራ በኩል ይሄዳል። ረዘም ያለ ሰው ነው፤ ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» እያለ መንገድ ይለቅለታል። መልከ መልካም ነው ደግሞ፤ ዋለን የሚያንገበግበው ይኼ ነው። ሰው ተከታተል የተባለ ሰላይ የሰውየውን ትከሻ ስፋት አይለካም። ዋለ ግን ከመጣ ጀምሮ ሲለካ ነው የከረመው።

እንየው ቆመ። ግራ ቀኙን አየ።

ዋለም አንዲት ሽንብራ ሻጭ ፊት ቆመ። «ስለ ማርያም፣ እሜቴ።»

«እንካ ተሜ፣» አለች ሴትዮዋ እፍኝ ቆሎ ወደ አኮፋዳው እየጨመረች። «በጸሎትህ አስበኝ።»

ካፖርት የለበሰ ሰው ከሕዝቡ መሃል ብቅ አለ። እሱም ሰማያዊ ሳጥን ይዟል።

ሳጥን ተለዋወጡ።

እንየው የሰውየውን ትከሻ መታ መታ አደረገና ወደ ወገዳ በሚሄደው አይሱዙ በኩል ታጠፈ። ዋለ ከአንድ አጥር ጀርባ ገብቶ ከደበሎው ሥር ስልኩን አወጣ።

«ድርጭት ነኝ።»

«ተናገር።» አለቃው ነው። «አበጋዝ» ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም ካለው ዋለ አያውቀውም።

«ተላልፏል። ሳጥን በሳጥን።»

«የመድኃኒቱን ጠርሙስ በዓይንህ አየኸው?»

ዋለ ያየው ሳጥን ነው።

«አይቻለሁ፣» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሐኪሙ ነው ጌታዬ። ሻጩ እሱ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ዋለ ደስ አለው። ሥራው ስለቀናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ክፋት ነበረው! ደስ ያለው ግን ሰውየው እንየው ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬሕይወት የዋለ ሚስት ናት። እሱ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም።

የሕዋስን ጥገና የምታጠና ሳይንቲስት ነበረች። ባለፈው ክረምት አባቷን ልትጠይቅ ወደ ሲማዳ ስትመጣ፣ ጉና ላይ ጉም በሸፈነው መታጠፊያ መኪናው ተገለበጠ። ዋለ በሥራ ምክንያት አገር ውስጥ አልነበረም። ደርሶ አልጋዋ አጠገብ ሲቆም ቀና ብላ አየችውና፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ የትኛው ሐኪም ነዎት?» አለችው። በሕይወቱ ብዙ ተመቷል፤ እንደዚያ የመታው ግን የለም። የልጅነቷን ታስታውሳለች። ትዳሯ ግን ተጠራርጎ ጠፍቷል።

ያዳናት የገዛ ጥናቷ ነው ቢባል ይቀላል። ሰው አንድ ነገር ልብ ሲል የአንጎሉ ሕዋስ ውስጥ ያለው ቀጭን ክር ይበጠሳል፤ ከዚያ አንድ ኢንዛይም መጥቶ ይጠግነዋል። በጥገናው ነው ትዝታው የሚጸናው። ጭንቅላቷ ሲመታ ያ ጠጋኝ ደከመ። እሷና ጓደኞቿ ሠርተው ያስቀመጡት ኢንዛይም ሦስት ጠርሙስ ነበር፤ ሁለቱን በመርፌ ወሰደች። አንድ ቀረ፤ እሱን የያዘው ሐኪሙ ነው።

መድኃኒቱ ግን አንድ ጠባይ አለው። ደሟ ውስጥ ባለበት ሰዓት በልቧ የምታመላልሰውን ነው አጥብቆ የሚሰፋው። እንግዲህ አስቡት! ሁለቱንም ጊዜ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያጫውታት የዋለው ማነው? እንየው። የሚያክማት መልከ መልካሙ እንየው። ባል እንዳላት ያውቃል፤ መልኩን ግን አያውቅም።

«ንገሯት» እንዳይባል ደግሞ ክልክል ነው። የነገሯትን ከራሷ ትዝታ ጋር ትደባልቀዋለች ተብሏል። አባቷ መሪጌታ ገብረ መድኅን ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም። «እኛም ቤት ቀለም ለጠፋበት ተማሪ ቃሉን አንነግረውም፤» አሉ። «ከመነሻው እንዲመለስ ነው የምናደርገው።»

ለዋለ ግን ሞት ነበር። የባዕድ ኩባንያ ጠርሙሱን ሊገዛ ሰው ልኳል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ አበጋዝ ለይቶ እሱን ጠራው። «ተማሪ ሆነህ አባቷ ጉባኤ ግባ። ከሐኪሙ ዓይንህን አትንቀል፤» አለው። ልብሱንም ራሱ አዘጋጀለት፤ ደበሎ፣ ቆብ፣ አኮፋዳ። መሪጌታ ብቻ ማንነቱን አውቀው ተቀበሉት። እናም ዋለ ጺሙን አሳድጎ በየማለዳው የገዛ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቁራሽ ይለምናል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ የሆነውን ለአበጋዝ አልነገረም። አፈረ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሳይጨርስ ቡሬ የሚባለው ውሻቸው ባቱን ዘነጠለው። ፍሬሕይወት እየሮጠች ወጥታ ደሙን አጠበችለትና በሣቅ ፈረሰች።

«ወይ ጉድ! ዱላ የሌለው ተማሪ ደግሞ ከየት ይመጣል? ውሻ ሳያይ ያደገ ነው እንዴ?»

የወይራውን ዱላ ከአባቷ ቤት አውጥታ የሰጠችው እሷ ናት። በዚህ አገር አኮፋዳውን የሚረሳ ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ ዱላውን የሚረሳ የለም።

ከገበያው በማግስቱ ማለዳ ዋለ ደጃፏ ላይ ነበር።

«ና ግባ ተሜ፣ አይዞህ ታስሯል፤» አለችው። ግማሽ ዳቦ አኮፋዳው ውስጥ ከተተችለት። «ባትህ ዳነ?»

«ድኗል እሜቴ።»

«ዶክተር እንየው ትናንት አርብ ገበያ ሄዶ ነበር። ምን እንዳመጣልኝ ታውቃለህ? ብርቱካን!» ፊቷ በራ። «ሳልነግረው እንደምወድ አወቀ።»

ብርቱካን እንደምትወድ ዋለ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። ልጣጩን በአንድ ጊዜ ሳይበጠስ እንደምትልጥም ያውቃል። 

«ጥሩ ሰው ይመስላል፤» አለ በግድ።

«አንተ አትወደውም።»

«እኔ ማን ነኝና?»

«እንጃ። እሱ ሲመጣ ዱላህን አጥብቀህ ትይዛለህ።» ትኩር ብላ አየችው። «አንዳንዴ ድምፅህ... ተወው። ሂድ፣ የኔታ ይጠሩሃል።»

 «አንዳንዴ ድምፅህ» ምን? ቀኑን ሙሉ ያችን ቃል ሲያላምጥ ዋለ።

ሰኞ ማለዳ ጩኸት ተሰማ። ዋለ ዱላውን ይዞ ሲደርስ ፍሬሕይወት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

«እንየውን ወሰዱት! ከወገዳ መንገድ ላይ በካቴና! መድኃኒት ሸጠሃል ብለው!»

ዋለ ይህን ቀን ሲመኝ ነው የኖረው። አሁን ግን ለእንየው የምታፈሰውን እንባ ቆሞ አየ። ለእሱ አንድ ቀን እንዲህ አልቅሳ ታውቅ ይሆን? ታስሮም ሰውየው አሸነፈኝ አለ በልቡ።

«አርብ ገበያ ላይ ሳጥን ሲያስተላልፍ ታይቷል አሉ፤» ብሎ ጣል አደረገ።

«በረዶ ነዋ!» ጮኸችበት። «የወገዳው ጤና ጣቢያ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሞቀ። ከአርብ ገበያው ባለሙያ ጋር በረዶ ያለው ሳጥን ሊቀይር ነው የሄደ። ጠርሙሱ ይኸውልህ!»

ከጓዳ ሰማያዊውን ሳጥን አምጥታ ከፈተችው። ቀልጦ ሊያልቅ በተቃረበ በረዶ መሃል አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ተጋድማለች።

ዋለ አሁን ነው በዓይኑ ያያት።

ጠርሙሱ አልተሸጠም። እንየው ንጹሕ ነው። አይቻለሁ ያለ ዋለ ነው፤ ያላየውን።

«ዛሬ ልወጋው ነበር፤» አለች ሳጥኑን እየዘጋች። «አሁን ማን አጠገቤ ይቀመጣል?»

መልስ ሳይሰጣት ከውጭ ድምፅ ተሰማ።

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

ቡሬ በሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለ። ዋለ በበሩ ቀዳዳ አየ። አዲስ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሷል። ቆብ አድርጓል። አኮፋዳ አንጠልጥሏል።

ዱላ የለውም።

ዋለ ዱላውን አጥብቆ ያዘ። ልክ እሱ ራሱ በመጀመሪያው ቀን እንደመጣው ነው፤ ያው ደበሎ፣ ያው ቆብ፣ ያው የጎደለ ነገር። ሁለቱንም ያለበሰ አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ ከተማ ያደገ፣ ውሻ በሰንሰለት ተይዞ ሲያልፍ እንጂ ሲናከስ ያላየ የአበጋዝ እጅ ነው። የውሻውን ነገር አፍሮ ባይደብቅ ኖሮ አበጋዝ ስህተቱን ባረመው ነበር።

ሁሉም ነገር ባንዴ ተገለጠለት። ሻጩ አበጋዝ ነው። ሐኪሙን ከመንገድ ማስወገድ ፈለገ፤ ለዚያም የሚመሰክርለት ሰው አስፈለገው። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ መርጦ የሚቀና ባል ላከ!

«ጓዳ ግቢ፤» አለ ዋለ። ድምፁ የተማሪ ድምፅ አልነበረም።

«ምን?»

«ፍሬ፣ ግቢ!»

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ሰውየው ሽጉጥ ይዟል።

«ሳጥኑን።»

ዋለ እጁን አነሣ። «ከየት ጉባኤ ነህ ወንድሜ?»

«ሳጥኑን አልኩህ!»

ሰውየው የሳጥኑን ማንገቻ ነጥቆ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ቀጥሎ ሮጠ።

ዋለ በዱላው ጫፍ የሰንሰለቱን ቀለበት ከችካሉ ላይ አወለቀ።

«ያዘው ቡሬ!»

ከአጥሩ ሳይደርስ ያዘው። ያውም ባቱን! ሽጉጡ ተፈናጥሮ ከአጥሩ ጎን የተሰጣው እህል መሃል ወደቀ፤ ዋለ በወይራው ዱላ አንዴ የእጁን አንጓ፣ አንዴ ማጅራቱን ደገመው። ሰውየው ተዘረረ። ከጉባኤው የመጡት ተማሪዎች በጠፍር አሰሩት፤ መሪጌታም ከበላዩ ቆመው፣ «ዱላ ሳትይዝ የእኔን ደጅ ትረግጣለህ?» አሉት።

ሳጥኑ ግን ድንጋይ ላይ አርፎ ተሰንጥቋል። በረዶው አፈር ላይ ፈሷል። ጠርሙሱ አልተሰበረም።

ፍሬሕይወት በመዳፏ ያዘችው። «እየሞቀ ነው። አሁኑኑ ካልተወጋሁት ውኃ ነው የሚሆነው።»

ዋለ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ደወለ። ወደ አበጋዝ አይደለም። ከአበጋዝ በላይ ላለው የቁጥጥር ክፍል ነው።

«ድርጭት ነኝ። ሻጩ አበጋዝ ነው።»

«ማስረጃ?»

«የታሰረው ሰውዬ አበጋዝ ወገዳ ሆቴል ይጠብቀኛል ብሏል፤ ከእጄ ሲቀበል ያዙት።»

«ሰዎቻችን ደብረ ታቦር ናቸው። እስኪደርሱ ወገዳ ላይ አቆየው። ጠርሙሱ ካልመጣለት ይሰወራል። ከተሰወረ ሐኪሙ እንደታሰረ ይቀራል፤ ፋይሉን የያዘው አበጋዝ ነው።»

ዋለ ስልኩን ዘጋ። ፍሬሕይወት መደቡ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰብስባለች። መርፌውን ራሷ ይዛለች፤ እጇ ሙያውን አልረሳም። ክንዷን ወጋች። ባዶውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«ቅድም ፍሬ አልከኝ።»

ዋለ ዓይኑን ወደ ባዶው ጠርሙስ መለሰ።

«እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ለምን አልከኝ?» ከጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረገች። «ና ቁጭ በል። አንድ ነገር አጫውተኝ። ብቻዬን አልሁን።»

እግዜር ያሳያችሁ! ስንት ወር የለመነው ይኼን ነው። መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ገብቷል። እንየው የለም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስለዚያ ስለ ብርቱካኑ ልጣጭ ቢያነሣ፣ ስለ መጀመሪያው ክራይ ቤታቸው፣ ስለሚያፈሰው ጣራ... ከመነሻው ቢመልሳት። እንየው ደግሞ በእስር ቤቱ ይበስብስ! ማን ያውቅበታል?

እሱ ያውቃል። ንጹሕ ሰው ላይ በምላሱ የመሰከረ እሱ ነው።

ባዶውን ጠርሙስ አነሣ። ከእንስራው ውኃ ሞላበትና ከደነው።

«መሄድ አለብኝ እሜቴ።»

«ትመለሳለህ?»

«የኔታ ይቀመጣሉ ከአንቺ ጋር።»

ዱላውን ከደጃፉ መቃን ላይ አስደገፈና ወጣ። አበጋዝ እንዳለበሰው ሆኖ ነው የሚሄደው፤ ያለ ዱላ።

ወገዳ ላይ አበጋዝ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ከላንድክሩዘሩ ጎን ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ዋለ ሆን ብሎ እያነከሰ ገባ። በአኮፋዳው ውስጥ ስልኩ እንደተከፈተ ነው፤ የቁጥጥር ክፍሉ ያዳምጣል።

«በእንተ ስማ ለማርያም።»

አበጋዝ ቀና አለ። ዱላ እንደሌለው አሁንም ልብ አላለም።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሰውዎን ውሻ ነከሰው። ጠርሙሱን እኔ አመጣሁልዎ።»

አበጋዝ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። «የምን ሰው?»

«ለእኔ ያለበሱኝን ደበሎ ያለበሱት።»

 አንድ አህያ ከግቢው ውጭ አናፋ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ አበጋዝ ቀስ ብሎ።

«እንየው እንዳይፈታ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ከእሷ ፊት ይጥፋልኝ።»

ያን ሲናገር ውሸት አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው የተዋጣለት። አበጋዝ ዓይን ዓይኑን አይቶ ሣቀ። እጁንም ከወገቡ አነሣ።

«ይኼን ስለማውቅ ነው አንተን የመረጥኩህ። የሚቀና ሰው የጠቆሙትን ሁሉ ያያል። ሳጥን አሳየሁህ፤ ጠርሙስ አየህ! ሐኪሙ አይፈታም፣ እመነኝ። አምጣ።»

ዋለ ቶሎ አልሰጠውም። ስለ መንገዱ አወራ። ስለ ባቱ ቁስል አወራ። ውኃ ለመነ። አበጋዝ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

«አምጣ እንጂ!»

የመኪና ድምፅ ተሰማ።

ዋለ ጠርሙሱን እመዳፉ ላይ አኖረለት።

ገበሬ የመሰሉ ሁለት ሰዎች ከበሩ ገቡ፤ ሦስተኛው ከአጥሩ ዘለለ። አበጋዝ ሽጉጡን ከመምዘዙ በፊት ደረቱ ላንድክሩዘሩ ላይ ተለጠፈ። ጠርሙሱን ግን አልለቀቀም ነበር።

«ውኃ ነው ጌታዬ፤» አለው ዋለ። «የወንዝ ውኃ።»

የቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ወደ ጎን ወሰደው። «ገዢዎቹ አልተያዙም። ጠርሙሱን ያስቀረባቸው ተክለ ማርያም የሚባል ተማሪ እንደሆነ ማወቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ተክለ ማርያም ከዛሬ ጀምሮ የለም። ዋለም ለጊዜው የለም። ከእሷ ጋር ከታየህ ቀድመው የሚያገኙት እሷን ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ኃላፊው ወደ መኪናው አመራ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መካነ ኢየሱስ፣ አውቶቡስ ተራ። ዋለ ጺሙን ተላጭቷል፤ ኮትና ኮፍያ አድርጓል። እንየው ከሕዝቡ መሃል መጣ። ከስቷል፤ ግን ያው መልከ መልካም ነው። በእጁ በጆንያ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ይዟል።

«ባሏ አንተ ነህ አሉኝ። ያስፈታኸኝም አንተ ነህ አሉ።»

«ያሳሰርኩህም እኔ ነኝ።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።» እንየው መሬት መሬት አየ። «አልፈርድብህም። እኔም ሳልመኛት አልቀረሁም።»

ዋለ ጥርሱን ነከሰ። «መድኃኒቱ ሠራ?»

«ሠርቷል። አሁን የያዘችውን አትለቅም። የቀደመው ግን አልተመለሰም፤ ትዳሯም፣ አንተም። ከዚህ በኋላ የሚመለስ አይመስለኝም። አዝናለሁ።»

«በዚያ ሰዓት ስታስብ የዋለችው ማንን ነው?» ብሎ ጠየቀ ዋለ። መልሱን የሚያውቅ መስሎት ነበር። «አንተን ነዋ፤» አለ ራሱ።

እንየው ሣቀ፤ ሣቁ ግን መራራ ነበር።

«እኔን ዶክተር ነው የምትለኝ፣ እስከ ዛሬ። ያን ቀን መሪጌታን ስትጠይቃቸው የዋለችው ስለ አንድ ተማሪ ነው። ለምን ስሜን አቆላምጦ ጠራኝ? ለምን ድምፁ ሆዴን ያባባዋል? እያለች። አሁን ሌላ ወሬ የላትም። በየማለዳው ቁራሽ ይዛ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ወደ ሌላ ደብር ሄደ ብንላትም አትሰማም።»

ዋለ እንየውን ሲጠላ ኖረ፤ የቀማው ግን እንየው አልነበረም። የቀማው ያ ባለ ደበሎው ነው። ደጃፏ ላይ ቆሞ የሚለምነው፣ ውሻ የነከሰው፣ የሌለው ሰው! በዕድሜው እንደ ተክለ ማርያም የቀናበት ሰው የለም።

«ይኼን አድርስልኝ ብላኛለች፤» አለ እንየው ጆንያውን እየፈታ። የወይራው ዱላ ነው። «ተክለ ማርያምን የትም ብታገኘው ስጠው፤ ረስቶት ሄዷል፣ ውሻ ይበላዋል አለች።»

ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» እያለ አውቶቡሱን ይደበድባል። ዋለ ዱላውን በሁለት እጁ ተቀበለ። እሷ የያዘችበት ቦታ ላይ ያዘው፤ ትንሽ ቆየ።

ኮት የለበሰ መንገደኛ የቆሎ ተማሪ ዱላ ይዞ አይሳፈርም። ሰው ልብ ይለዋል።

ዱላውን ከትኬት ቆራጩ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እንየው ዱላውን አንሥቶ፣ ምን እንደሚላት የጠፋው ሰው መስሎ ቆሞ ነበር።